የአባት ወይን ለልጆች ሁሉ



ከአባት ወደ ልጅ ከሚተላለፈው ሀብት መካከል ሲካፈሉት የሚያንስ አለ፤ ሲካፈሉት የሚበዛም አለ። መሬት ለአራት ልጆች ሲከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሩብ ብቻ ነው፤ ላም ደግሞ ካልታረደች ወይም ካልተሸጠች አትከፈልም። ትምህርትና መልካም ስም ግን ለስንት ልጅ ቢያካፍሏቸው አይጎድሉም። ከዕፅዋትም ወገን እንደዚሁ ያለ ጠባይ ያለው አለ፤ እርሱም ወይን ነው። በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለዚሁ ተክል ነው፤ ለነገሩም ምክንያት የሆነን ከከፋ፣ ከሺሺንዳ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን የጻፉልን ባለቤታቸው በሞት የተለዩአቸው አንዲት እናት ናቸው። የነገሩ ፍሬ እንዲህ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት የባለቤታቸው አባት በቤቱ ደጃፍ አንድ የወይን ሐረግ ተክለው ነበር። ሐረጉ አድጎ በዳሱ ላይ ተንሰራፋ፤ ልጆችም በጥላው ሥር ተጫውተው አደጉ። በበጋ የሚያፈራውንም ፍሬ ከሁለት ከፍለው፥ አንዱን ቤተ ሰቡ ይበላዋል፤ ሌላውን አድርቀው ዘቢብ አድርገው ለደብራቸው ያገቡታል። አሁን ግን ርስቱ ሊከፈል ነው። ሐረጉ ያለበት የመንገድ ዳር ቦታ ለታላቁ ልጅ ደርሶታል፤ እርሱም በሚመጣው ዓመት በበጋ አሮጌውን ቤት አፍርሶ የብሎኬት ቤት ሊሠራ አስቧል። ታናሽ እኅቱ ደግሞ የአያታችን ወይን አይነካም ብላ ተነሥታለች። በዚህም ምክንያት ወንድምና እኅት ሰላምታ አቋርጠዋል። እናቲቱም ሦስት ነገር ይጠይቁናል፤ አሮጌው ሐረግ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላልን? ካልተቻለስ ከእርሱ ሌላ ቢባዛ ፍሬው ያው ይሆናልን? ሦስተኛም፥ ወይኑ ለየትኛው ልጅ ይገባል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ለንስሐ አባታቸውና ለአገር ሽማግሌዎች ልንተወው አስበን ነበር። ነገር ግን የሁለቱን ጥያቄዎች መልስ በሚገባ ላስተዋለ ሰው ሦስተኛው በራሱ እንደሚፈታ ከዚህ በታች ያገኘዋል።

ወይን በእኛ አገር

አንዳንድ ሰው፥ ስለ አንድ ሐረግ ይህን ያህል ክርክር ምንድር ነው? ይል ይሆናል። ነገር ግን ወይን በኦርቶዶክሳዊ ቤት እንደ ሌላው የጓሮ ተክል አይታይም። ምእመናን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከጧፍና ከዕጣን ጋር ይዘውት የሚሄዱት ዘቢብ የደረቀ የወይን ፍሬ ነው። በቤተልሔም በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ይታሻል፤ ይጨመቃል፤ ከዚያም ለቅዱስ ቍርባን ይቀርባል። በዲቁና ያገለገለ ሰው ሁሉ የዚያን ፍሬ መዓዛ ያውቀዋል። እንግዲህ በቤቱ ደጃፍ የበቀለውን ወይን ለመቅደስ ያገባ ቤተ ሰብ ሐረጉን እንደ ማንኛውም እንጨት ሊያየው ባይችል አይፈረድበትም።

ተክሉም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጣና ምሥራቅ ያሉት ይፋግና እንፍራዝ በቀደመው ዘመን በወይናቸው የታወቁ ነበሩ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ ያለፉ መንገደኞችም የወይኑን ቦታ አይተው ጽፈዋል። የብራና ጸሐፍትም በመጽሐፍ ራስጌ የሚሥሉትን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ ሐረግ ብለው ሰይመውታል። በዘመናችንም የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ብዙ ዓመታት ያስቆጠረ ነው፤ በዝዋይም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሰፊ የወይን እርሻ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ወይን ጠጁን ለገበያ አቅርቧል።

ይሁን እንጂ ዝዋይና ሺሺንዳ አንድ አይደሉም። ዝዋይ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች፥ ፀሐይዋ ብዙ ዝናቧ ጥቂት የሆነች አገር ናት። ከፋ ግን የደንና የዝናብ አገር ነው፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይዘንብበታል፤ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የሕይወታዊ ሀብት ክምችት ስፍራ አድርጎ የመዘገበው የጫካ ቡና የሚበቅልበት ያ ደን የሚኖረው በዚህ ዝናብ ነው። ለቡና፥ ለእንሰትና ለሻይ ቅጠል በረከት የሆነው እርጥበት ግን ለወይን ፈተና ነው። ስለዚህ በዚያ አገር አርባ ዓመት የኖረና የሚያፈራ ሐረግ የአገሩን ጠባይ ተቋቁሞ በመኖሩ ብቻ ዋጋው ትልቅ ነው። ከሩቅ የሚመጣ አዲስ ችግኝ ይህን መቋቋሙ ገና አልተፈተነም፤ አሮጌው ግን ተፈትኗል። ወይኑን እናድነው ስንል ምክንያታችን ትዝታ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቁራጩ ልጅ ነውን ወይስ ራሱ ነው?

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ እናስቀድም። የወይን ፍሬ ውስጥ ያለውን ዘር ዘርተን ብናበቅለው የሚወጣው ተክል እናቱን አይመስልም። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ወንድማማቾች በመልክና በጠባይ እንደሚለያዩ ሁሉ፥ ከዘር የሚበቅለው ወይንም አንዱ ጎምዛዛ፥ አንዱ ፍሬ አልባ፥ አንዱ ደህና ሊሆን ይችላል። ከሐረጉ ላይ ቈርጠን የተከልነው ቁራጭ ግን ያው ራሱ ነው። ፍሬው ያው፥ ቀለሙ ያው፥ ጣዕሙም ያው ነው፤ ልዩነት ቢኖር ከአፈሩና ከአያያዙ የመጣ ነው።

የከፋ እናቶች ይህን ጥበብ በእንሰት ያውቁታል። እንሰት በዘር አይባዛም፤ ለጋውን ተክል ቈርጠው፥ የሥሩን ኮረት መካከሉን አውጥተው በአፈርና በፍግ ሲቀብሩት ከአንዱ ኮረት ዙሪያ በርካታ ችግኝ ይፈልቃል። ያ ሁሉ ችግኝ ያው የእናቱ ዓይነት ነው። በወይንም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የሚለየው የአሠራሩ መንገድ ብቻ ነው።

ከውጭ አገርም አንድ ምሳሌ እናምጣ። በእንግሊዝ አገር በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1768 የተተከለ አንድ ታላቅ ወይን አለ፤ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም ያፈራል። እርሱም የተገኘው በኤሴክስ አውራጃ ከነበረ ከሌላ ወይን ላይ ከተቈረጠ ቁራጭ ነው። እናቱ ከጠፋች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ቁራጩ ግን አለ። በስሎቬኒያ፣ በማሪቦር ከተማ ያለውም ከአራት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ወይን እንደዚሁ ነው፤ የከተማው ሰዎች ከእርሱ እየቈረጡ ለሌሎች ከተሞች በስጦታ ይሰጣሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያለ ተክል በአንድ እሳት፥ በአንድ በሽታ፥ በአንድ መጥረቢያ ይጠፋል፤ በአሥር ቦታ ያለው ግን በቀላሉ አይጠፋም።

ሐረጉን ስለ መቍረጥ

ለዚህ ሥራ በከፋ አገር የሚስማማው ጊዜ ዝናቡ የሚቀንስበት፥ አፈሩ ግን ገና እርጥበት ያለው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ወራት ነው። የእናቲቱ ልጅ ቤቱን የሚያፈርሰው በሚመጣው ዓመት በጋ ከሆነ፥ በዘንድሮው ጥቅምት ሥራውን ቢጀምሩ አንድ ሙሉ ዓመት በእጃቸው አለ፤ ይህም ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚቈረጠውን በመምረጥ ላይ ነው። አሮጌ ወይን ስለሆነ አሮጌውን ግንድ መቍረጥ የሚገባ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የቈየ ግንድ ሥር ለማውጣት ሰነፍ ነው። የሚፈለገው ባለፈው አንድ ዓመት ያደገው ሐረግ ነው። ምልክቱም ይህ ነው፤ አረንጓዴነቱን ትቶ ቡናማ ሆኗል፤ ውፍረቱ እንደ እርሳስ ነው፤ ሲቈርጡት ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ነው። በጥላ ውስጥ ከቀጨጨው ይልቅ ፀሐይ ያገኘውን፥ ባለፈውም ዓመት ደህና አድርጎ ያፈራውን መምረጥ ይገባል። በቅጠሉ ላይ በሽታ የታየበትን ሐረግ መንካት አይገባም፤ በሽታውም አብሮ ይባዛልና።

ከዚህ በኋላ በተሳለ ቢላዋ ወይም በመግረዣ መቀስ አንድ ክንድ ያህል ወይም ትንሽ የሚያንስ፥ ማለት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፥ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው ቁራጭ ይቈረጣል። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ዐይን አለ፤ ሥርም ቅጠልም የሚወጣው ከዚያው አካባቢ ነው። የታችኛው ጫፍ ከአንጓው ሥር ልክ ቀጥ ተደርጎ ይቈረጣል፤ የላይኛው ግን ከዐይኑ በላይ ሁለት ጣት ያህል ተትቶ በሰያፍ ይቈረጣል። ይህን ማድረግ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፥ የዝናብ ውኃ በቍስሉ ላይ አይቆምም፤ ሁለተኛም፥ የትኛው ጫፍ ላይ፥ የትኛው ታች እንደሆነ አይጠፋም። ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አይጸድቅምና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በወንጌል ከግንዱ የተለየ ቅርንጫፍ እንደሚደርቅ ተነግሮናል፤ አትክልተኛም ይህን በዓይኑ ያየዋል። የተቈረጠ ሐረግ ግማሽ ቀን በፀሐይ ላይ ከዋለ ከእርሱ ምንም ተስፋ የለም። ስለዚህ በተቈረጠ ጊዜ ወዲያው በእርጥብ ጆንያ ወይም በኮባ ቅጠል መጠቅለል፥ በዚያው ቀንም መትከል ያስፈልጋል። ለሌላ ቀን ማቆየት ግድ ከሆነ በጥላ ሥር በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቢቀብሩት ጥቂት ሳምንት ይቆያል።

የችግኙ መደብ

መደቡ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚጠጣው ውኃ ቅርብ ይሆንለታልና። አንድ እጅ የደን አፈር፥ አንድ እጅ አሸዋ፥ አንድ እጅ ደህና አድርጎ የበሰበሰ ፍግ ተቀላቅሎ ከምድር አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይደለደላል። አዲስ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል። ቁራጮቹ በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እየተተወ፥ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ዐይኖች ከአፈር በታች፥ አንዱ ብቻ ከላይ እንዲሆን ይተከላሉ። አፈሩ በእጅ ጠበቅ ተደርጎ ይጫናል፤ በቁራጩና በአፈሩ መካከል ነፋስ ከገባ ሥር አይወጣም። በላዩም እንደ ቡና ችግኝ ቀለል ያለ የሣር ዳስ ይሠራለታል።

እዚህ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ከላይ ያለው ዐይን ይፈነዳል፤ ቅጠልም ይወጣል። ባለቤቱም ጸደቀልኝ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ዳሱን ያነሣል፤ ውኃውንም ይቀንሳል፤ ወይም ደግሞ ሥሩን ለማየት ነቅነቅ ያደርገዋል። ያ ቅጠል ግን የወጣው ሐረጉ በሆዱ ከያዘው ስንቅ ነው፤ ሥር ገና የለውም። ሥር የሚያወጣው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ መካከል አንዳንዱ ጠውልጎ ይቀራል። ስለዚህ መታገሥ፥ አፈሩንም እርጥብ እንጂ ጭቃ ሳያደርጉ መጠበቅ ይገባል። ለአራት ልጆች አራት ችግኝ ከተፈለገ ከሃያ ያላነሰ ቁራጭ መትከል ብልኅነት ነው፤ ግማሹ እንኳ ቢጠፋ የሚበቃ ይተርፋል፤ ለጎረቤትም ይሰጣል።

ከእናቱ ሳይለዩ ማባዛት

ከዚህ ይልቅ አስተማማኝ የሆነ ሌላ መንገድ አለ። ወደ ምድር ቀረብ ያለ ረጅም ሐረግ ተፈልጎ፥ ከእናቱ ሳይቈረጥ ጎንበስ ተደርጎ መካከሉ በአፈር ይቀበራል፤ ጫፉ ግን ወደ ላይ ወጥቶ በእንጨት ይታሰራል። የሚቀበረው አንጓ ከሥሩ በኩል በቢላዋ ጥቂት ይፋቃል፤ ከፍቁ ዙሪያ ሥር ፈጥኖ ይወጣል። ጥልቀቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ እንዳይነሣም ድንጋይ ይጫንበታል። ሐረጉ ራሱን እስኪችል ድረስ እናቱ ትመግበዋለች፤ ስለዚህ አይጠወልግም። በዓመቱ ከእናቱ ወገን ያለው ተቈርጦ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል።

ቦታው ለቅቆ የሚሄድ ስለሆነ ለሺሺንዳዋ እናት የምንመክራቸው ሐረጉን በቀጥታ ከምድር ከመቅበር ይልቅ አፈር በተሞላ ጆንያ ወይም ቅርጫት ውስጥ አሳልፈው እንዲቀብሩት ነው። ቤቱ በሚፈርስበት ጊዜ ከእናቱ ቈርጠው ጆንያውን እንዳለ ተሸክሞ መሄድ ነው፤ ሥሩ አይነካም፤ ተክሉም መዛወሩን አያውቀውም።

አሮጌውን ግንድ ስለ ማዛወር

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አርባ ዓመት የሆነው ግንድ ሊዛወር ይችላልን? አንዳንዴ ይቻላል፤ ነገር ግን ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል አይገባም። የአሮጌ ወይን ሥር ጥልቅና ሩቅ ነው፤ ሲነቀል አብዛኛው ከምድር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፤ ቁራጮቹ በመደቡ ላይ ጸድቀው ሳይታዩ አሮጌውን ግንድ መንቀል አይገባም። ልጆቹ ከጸደቁ በኋላ ግን ግንዱን መሞከር ጉዳት የለውም፤ ቢኖር ትርፍ ነው፤ ባይኖርም ዘሩ አልጠፋም።

ለመሞከር የወደደ እንዲህ ያድርግ። ግንበኞቹ ከመምጣታቸው በፊት በጥቅምት መጨረሻ አዲሱን ጉድጓድ አስቀድሞ ቆፍሮ ያዘጋጅ። ከዚያም ሐረጉን ሁሉ ገርዞ ግንዱንና ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ክንዶችን ብቻ ያስቀር፤ በእያንዳንዱም ክንድ ላይ ሁለት ዐይን ይተው። ይህ ጭካኔ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሥሩ የጎደለበት ተክል ብዙ ቅጠል መመገብ አይችልም። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ እንደሚያወጣ የከፋ ገበሬ ያውቃልና ይህ አያስደንቀውም። ከዚያ በኋላ ከግንዱ አንድ ክንድ ወይም ከዚያ በላይ ርቆ ዙሪያውን እየቈፈረ፥ የቻለውን ያህል ሥር ሳይቈርጥ ያውጣው። የተሰበረውን ሥር በስለት ያስተካክል፤ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ይሸፍን፤ በዚያው ሰዓትም ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ልክ ይትከለው። አፈሩን በእግሩ ጠቅጥቆ አንድ ትልቅ ባልዲ ውኃ ያጠጣው፤ ግንዱንም ከፀሐይ በሣር ይጠቅልለው። በጋውን ሁሉ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ውኃ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ዓመት አበባ ቢያወጣ መቅጠፍ ነው፤ ሥር ሳይተክል ፍሬ የተሸከመ ተክል ዕድሜ የለውም።

ስለ ቋሚው ቦታና ስለ ዝናቡ

በመደቡ ያሉት ችግኞች የበረቱት በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ ወደ ቋሚ ቦታቸው ይዛወራሉ፤ የደከሙት ሌላ ዓመት ይቆያሉ። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ስፋቱና ጥልቀቱ ከአንድ ክንድ በላይ ይሁን፤ የላይኛው ጥቁር አፈር ከበሰበሰ ፍግና ከሁለት እፍኝ የምድጃ አመድ ጋር ተቀላቅሎ ይሞላ። የከፋ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ አመዱ ኮምጣጣነቱን ያለዝበዋል። ውኃ የሚቋጥር ረባዳ ቦታ ለወይን ሞት ነውና፥ ተዳፋት ወይም ጉብታ ይመረጥ። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ የምሥራቅ ወገን ቢሆን ሌሊት ያደረው ጤዛ በማለዳ ይደርቃል። የቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ዝናቡን የሚከልልበት ግድግዳ አጠገብ ቢሆን ደግሞ እጅግ መልካም ነው፤ ሥሩ ግን ከአሸንዳው ውኃ መራቅ አለበት።

የዝናብ አገር የወይን ጠላቶች ሁለት ሻጋታዎች ናቸው። አንዱ በቅጠልና በፍሬ ላይ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሁለተኛው በቅጠሉ ገጽ ላይ እንደ ዘይት ጠብታ ያለ ቢጫ ነጥብ ያሳያል፤ ከቅጠሉ ጀርባም ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ያወጣል። ለፊተኛው የድኝ ዱቄት፥ ለኋለኛው ከመዳብ ሰልፌትና ከኖራ የሚዘጋጀው የቦርዶ ድብልቅ መድኃኒት ነው፤ ልኩን ግን ከእርሻ ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚቀድመው ግን ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የተጨናነቀ ዳስ ውስጥ ሻጋታ ይነግሣል፤ ስለዚህ በፍሬው ዙሪያ ያሉትን ቅጠሎች ማሳሳት፥ የታመመውንም ለቅሞ ማቃጠል ያስፈልጋል።

መግረዝም በየዓመቱ ነው። ወይን የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ካደገው ሐረግ በሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው፤ ያልተገረዘ ወይን ቅጠልና ጥላ ይሆናል እንጂ ፍሬው ይመነምናል። ከተገረዘ በኋላ ፍሬው እስኪበስል ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈጃል። በጥቅምት መጨረሻ የገረዘ ሰው ወይኑ በበጋው አብቦ፥ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት፥ ትልቁ ዝናብ ሳይጠነክር ፍሬውን ሊሰበስብ ይችላል። አዲሱ ችግኝ ግን በመጀመሪያው ዓመት አንድ ግንድ ብቻ ይዞ በእንጨት ታስሮ ይደግ፤ በሁለተኛው ክንዶቹን ያውጣ፤ በሦስተኛው ዓመት ጥቂት ፍሬ ያሳያል፤ ሙሉ ምርት የሚሰጠው ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው።

ለዘቢብ ለሚያደርቁትም አንድ ነገር እንጨምር። አንድ ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት አራት ኪሎ ያህል የበሰለ ፍሬ ያስፈልጋል። ፍሬው ተለቅሞ፥ የተሰነጠቀው ተለይቶ፥ ከምድር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ሳይደራረብ ይሰጣ፤ ማታ ማታ ከጤዛ ይከለል። ሻጋታ የነካው ወይም ኮምጥጦ የፈላው ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ስለ ተገቢነቱም የደብሩን ካህን አስቀድሞ ማሳየት ይገባል።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ

እንግዲህ ወይኑ ለየትኛው ልጅ ይገባል? ለሁሉም። ታላቁ ወንድም መሬቱን ወስዷል፤ ቤት ለመሥራትም መብት አለው። ታናሺቱ እኅት ደግሞ የምትከራከረው ስለ እንጨት አይደለም፤ የአባቶቿ መታሰቢያ እንዳይጠፋ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ያጣላቸው ወይኑ አንድ ብቻ ነው ብለው ማሰባቸው ነው። ከአንዱ ሐረግ አራት፥ ስምንት፥ ሃያ ሊሆን እንደሚችል ቢያውቁ ኖሮ የሚያከራክራቸው ነገር ባልነበረ።

ኢይዝራኤላዊው ናቡቴ የአባቶቹን ርስት፥ ያን የወይን ቦታ፥ ለንጉሥ እንኳ አልሰጥም ብሎ በእርሱ ምክንያት ተገደለ፤ በመጽሐፍ ነገሥት የተጻፈውን ታሪኩን ሁላችን እናውቃለን። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው ርስቱን የወደደው ሰው አይደለም፤ የወንድሙን ርስት የተመኘው ነው። በሺሺንዳው ቤት ግን አክዓብም ኤልዛቤልም የሉም፤ አንድ አባት የወለዳቸው ልጆች ናቸው ያሉት። ንጉሥ የናቡቴን ወይን ለመውሰድ ናቡቴን ማጥፋት ግድ ሆነበት፤ እነርሱ ግን አንዱ ከአንዱ ምንም ሳይወስድ ሁሉም ሊኖራቸው ይችላል።

ስለዚህ ለእናቲቱ የምንለው ይህ ነው። በዚህ ጥቅምት ሐረጉን የሚቈርጠው ታላቁ ልጅ ይሁን፤ መደቡን የምታጠጣውም ታናሺቱ ትሁን። እርስዎ ደግሞ፥ እናታችን፥ ቁራጩን ከእርሱ እጅ ተቀብለው ለእርስዋ ያቀብሏት። ሥራው ሲጀመር አይነጋገሩ ይሆናል፤ ነገር ግን መደቡ ውኃ በጎደለበት ቀን መጠያየቃቸው አይቀርም። በሚመጣው ዓመት ቤቱ ሲሠራ ከአዲሱ ቤት ደጃፍ አንዱ ይተከል፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ወደ ልጆቹ ቤት ይሂዱ፤ አንዱንም ለደብሩ ቅጽር ያስቀሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ዘቢቡ ከአንድ ቤት ሳይሆን ከአራት ቤት ይመጣል።

ሌሎቻችሁም አንባብያን፥ በግቢያችሁ አባቶቻችሁ የተከሉት ወይን፥ ሎሚ፥ ኮክ፥ ወይም ሌላ ያረጀ ተክል ካለ፥ የሚፈርስበት ቀን እስኪመጣ አትጠብቁ። ሽማግሌ ሳይሞት ታሪኩን መጠየቅ እንደሚገባ ሁሉ፥ አሮጌ ተክልም ሳይወድቅ መባዛት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስለታም ቢላዋ፥ አንድ መደብ አፈርና አንድ ዓመት ትዕግሥት ነው።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ በአጸዳችሁ ፍሬን፥ በቤታችሁም ሰላምን ይስጥ።